አርባ አንደኛው ክላክስ

ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ራሴው ልናገርና ይውጣልኝ።

ኔኩላይ እባላለሁ። ወደብ ከተማው ኮንስታንሳ ተወልጄ ኮንስታንሳ ሸብቻለሁ። አንድ ከባድ መኪና ከነተሳቢው አለችኝ፤ ባለቤቷ እኔ፣ ሹፌሯ እኔ፣ ስትበላሽ ሥሯ ገብቼ የምተኛው እኔ፣ የሚሰድበኝ አለቃ ሳጣም ራሴን የምሰድበው እኔ። ሃያ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ ብዬ አላወራም። አሥራ አንዱን ነድቼ አሥራ አንዱን ወረፋ ጠብቄያለሁ ብል ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ወረፋ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ስንዴ በሚታጨድበት በሐምሌ ወር ወደ ወደባችን ይምጣ። በዙሪያችን ያለው የዶብሮጃ እርሻ ሁሉ በአንድ ሳምንት ካልተራገፍኩ ይላል። እኛ ከወደቡ በር ውጭ፣ አስፋልቱ በተነቃቀለ ሜዳ ላይ ተደርድረን እንጠብቃለን። ጥላ የለም፣ ውኃ የለም፣ ሽንት ቤት የለም። ሽንት ቤት ያለው ከመንገዱ ማዶ ነዳጅ ማደያው ውስጥ ነው፤ እሱም አንድ ብቻ፣ ለመቶ ሃያ ሹፌር። ተራ በስልክ የምትይዙበት ዘመናዊ አሠራር መጣላችሁ ተብለን ነበር። ከፋሲካ ጀምሮ «በቅርቡ» እንደተባለ ነው። ስለዚህ አባቶቻችን ለሥጋና ለወተት ሲሰለፉ ያደርጉት እንደነበረው ስማችንን በደብተር ጽፈን፣ በየሦስት ሰዓቱ ስም እየተጠራ ተራችንን እንጠብቃለን። የበሩ ሠራተኞችም ደብተሩን አይተው ነው የሚያስገቡን፤ እነሱስ ምን አላቸው።

ደብተሩ የጋሽ ጌያፈር ነው። ጋሽ ጌያፈር በዘሩ ታታር ነው፣ ስድሳ ሰባት ዓመቱ፣ ከእኔ መኪና የባሰች መኪና ያለው ብቸኛ ሰው። ማንም ስለማይጠረጥረው በየዓመቱ ደብተሩ ከሱ እጅ አይወጣም። ሜዳው መሐል የሲሚንቶ ብሎክ አለ፤ እዚያ ላይ ወጥቶ በድምፅ ማጉያ ያነባል። የዚያን ሳምንት ተራው አሥራ ሁለተኛ ስለነበር መኪናው ብሎኩ ሥር ቆማለች። የኔ ደግሞ አርባ አንደኛ ሆና ከብሎኩ መቶ እርምጃ ያህል ትርቃለች። ይቺን መቶ እርምጃ ያዙልኝ።

የጫንኩት ስንዴ የወይዘሮ ፓራስኪቫ ነው። ኮባዲን ከሚባል መንደር አጠገብ ትልቅ እርሻ አላቸው። ለሃያ ሁለት ዓመት የደላላ ፍርፋሪ ስለቅም ኖሬ፣ ያለ ደላላ ከባለቤቱ እጅ ጭነት የተቀበልኩት በዚህ ዓመት ገና የመጀመሪያዬ ነው። ሚዛኑ ላይ ቆመው እንዲህ አሉኝ፦

«ኔኩላይ፣ መርከቡ ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እህል መቀበል ያቆማል። ስንዴዬ ከዚያ በፊት ከተራገፈ፣ የመኸሩ በቆሎና የሱፍ አበባው በሙሉ ያንተ ነው። ካልሆነ ግን ከሰማያዊዎቹ ጋር እዋዋላለሁ። እንዳትቀየመኝ።»

ለአንድ መኪና የሦስት ወር ሥራ ማለት ነው። ለሚስቴ ስነግራት አላመነችኝም፤ ሴትየዋ ጋ ራሷ ደውላ አረጋገጠች።

ሰማያዊዎቹ የምንላቸው የአንድ ኩባንያ መኪኖች ናቸው። ሃያ ሁለት ናቸው፣ ሁሉም ሰማያዊ፣ ሁሉም የታጠቡ። በላያቸው ላውሬንሲዩ የሚባል ተቆጣጣሪ አለ። ሸሚዙ በዚያ ሙቀት እንኳን አይጨማደድም። ሰው ሲያናግር አንቱ ይላል፤ እኔን አንቱ ሲለኝ ግን የተሰደብኩ ይመስለኛል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስም ሲጠራ እነዚህ ሰዎች ያደረጉትን ልንገራችሁ። በዚያን ጊዜ ሁላችንም ብሎኩ ዙሪያ ተሰብስበን ስማችን ሲጠራ «አለሁ» ነበር የምንለው። ከሰማያዊዎቹ አንዱ ለአምስት መኪና ብቻውን «አለሁ» አለ። አንዴ በራሱ ድምፅ፣ አንዴ ጎርነን አድርጎ፣ አንዴ ጉንፋን እንደያዘው ሰው፣ የመጨረሻውን ደግሞ እያሳለ። አራቱ ጓደኞቹ ባሕር ዳር ሄደው ይዋኛሉ! እኛ እዚህ በላብ እየታጠብን እነሱ በጨው ውኃ ይታጠባሉ። ደሜ ፈላ። ብሎኩ ላይ ዘልዬ ወጣሁና ድምፅ ማጉያውን ከጋሽ ጌያፈር ላይ ቀማሁ።

ከዛሬ ጀምሮ በአፍ «አለሁ» ማለት ቀረ አልኩ። ስሙ የተጠራ ሰው ከራሱ ጋቢና የራሱን ክላክስ ያሰማል። አንድ ሰው አምስት ጋቢና ውስጥ ሊቀመጥ አይችልም። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ክላክሱ ያልተሰማ ይሰረዛል፣ ከወረፋው ጅራት ይጀምራል፣ ምክንያት አይሰማም። ትናንሾቹ፣ እንደኔው አንድ አንድ መኪና ያላቸው፣ በሙሉ አጨበጨቡልኝ። በሕይወቴ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም፤ ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሻችሁ። ጋሽ ጌያፈር ብቻ እጁን አወጣ።

«ሰው ሽንቱ ከመጣስ?» አለ።

«ቀድመህ ሽና፣ ጋሼ!» አልኩት።

ሜዳው በሳቅ አውካካ። እሱም ትንሽ ሳቀ። ሕጉን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በራሴ እጅ፣ በትልልቁ ጻፍኩት።

ያላሰብኩት ነገር ምን መሰላችሁ? ሰማያዊዎቹ በአንድ መኪና ሁለት ሹፌር ነው የሚልኩት። አንዱ ሽንት ቤት ሲሄድ አንዱ ጋቢና ይቀመጣል። እኛ ግን አንድ መኪና አንድ ነፍስ ነን። እነሱን ላስርበት ያበጀሁት ገመድ ለኛ አንገት ልክ ነበር። ይሄ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ደብተሩና ድምፅ ማጉያው ብሎኩ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጋሽ ጌያፈር የለም። ላውሬንሲዩ የእጅ ሰዓቱን እያየ ወደኔ መጣ።

«ጋሽ ኔኩላይ፣ ሰዓቱ ደርሷል» አለኝ። «ሕጉ ይሠራል ወይስ የወጣው ለኛ ብቻ ነው?»

ለዚህ ሰው ቀዳዳ መስጠት ሞቴ ነው። ደብተሩንና ድምፅ ማጉያውን ከብሎኩ አምጥቼ የመኪናዬ ደረጃ ላይ ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ፣ ጮኸ። ሁለት፣ ጮኸ። አሥራ ሁለት፣ ጌያፈር። ዝም። ደገምኩ፣ ዝም። ቀና ስል የሜዳው አጥር ጋ አየሁት። ከማደያው በኩል፣ በአንድ እጁ ሱሪውን ይዞ፣ በአንድ እጁ እያውለበለበ ይመጣል። ጉልበቱን ስለሚያመው መሮጡም መራመድ ነበር። ላውሬንሲዩም አየው። ከዚያም እኔን አየኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ጠራሁና ሰረዝኩት።

የራሴ ተራ ሲደርስ እጄን በመስኮት አስገብቼ ክላክሱን ተጫንኩ። ልብም አላልኩት።

ጋሽ ጌያፈር ሲደርስ ደብተሩን አየ፣ እኔን አየ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ የጠበቀባትን ቦታ ለቆ፣ መኪናዋን አስነስቶ ጅራት ላይ ሄዶ ቆመ፣ መቶ አሥራ ስምንተኛ ሆኖ። እኔ ደግሞ ሕግ ማለት እንዲህ ነው፣ ለወዳጅ ካልሠራ ለጠላት አይሠራም እያልኩ ለራሴ ስሰብክ አረፈድኩ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ መኪኖች ገብተዋል። የሦስት ሰዓቱ ጥሪ ሲያልቅ ከሠላሳ አንድ እስከ ስድሳ ይገባሉ። አምስት ሰዓት ላይ እራገፋለሁ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ለወይዘሮ ፓራስኪቫ እደውላለሁ፣ ማታ ሚስቴ ዓሣ ትጠብሳለች። ሁሉን አስልቼ ጨርሻለሁ። ደብተሩንና ድምፅ ማጉያውን ይዤ የመኪናዬ ደረጃ ላይ ልወጣ ስል ላውሬንሲዩ ከበስተኋላ መጣና በዚያ ትህትናው፣ ጠዋት ኋላ ያሉት በደንብ እንዳልሰሙኝ፣ እንደ ጋሽ ጌያፈር መሐል ብሎኩ ላይ ሆኜ ባነብ ለሁሉም እንደሚበጅ ነገረኝ። አስቦበት ይሁን ሳያስብ እስከ ዛሬ አላውቅም። ይኼን ሳስብ እንቅልፍ ያጣሁበት ቀን አለ። ልክ ነው አልኩና በነጠላ ጫማዬ እየተጎተትኩ ሄጄ ብሎኩ ላይ ወጣሁ።

ሠላሳ አንድ፣ ጮኸ። ሠላሳ ሁለት፣ ጮኸ። ጥሩ እየሄደ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ።

«አርባ አንድ!» አልኩ።

ዝም።

ከነዚህ ውስጥ አንዱ ተኝቷል ብዬ ተናደድኩ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ የገዛ ስሜን አላወቅሁትም። ድምፅ ማጉያውን አፌ ላይ ለጥፌ፣ «አርባ አንድ! አንተ ሰውዬ፣ አልጋ ይምጣልህ?» ብዬ ጮህኩ። ከአንዱ ጋቢና ሳቅ ተሰማ፣ ከዚያ ከሌላው። ዓይኔን ወደ ደብተሩ መለስኩ። ኔኩላይ ይላል። በራሴ እጅ የጻፍኩት ስም።

ክው አልኩ። ቀና ብዬ መኪናዬን አየኋት። መቶ እርምጃ ርቃ፣ በሯ ተከፍቶ፣ ባዶ ጋቢናዋን ይዛ ቆማለች። ድምፅ ማጉያውን ጥዬ ሮጥኩ። አንዱ ነጠላ ጫማዬ እዚያው ብሎኩ ሥር ቀረ፣ ሁለተኛውን አሽቀንጥሬ ሮጥኩ። አስፋልቱ እግሬን እየጠበሰኝ፣ ሆዴ ከፊቴ እየቀደመኝ ስሮጥ ከኋላዬ የላውሬንሲዩን ድምፅ ሰማሁ። ድምፅ ማጉያውን አንስቶ፣ በረጋ አነጋገር፣ «አርባ አንድ፣ ለሦስተኛ ጊዜ» አለ። ትንሽ ቆየ። ቆይቷል፣ አልዋሽበትም። «አርባ ሁለት።»

አርባ ሁለት አርቲዮም ነው፤ ከኔ ቤት ሦስት ቤት አልፎ የሚኖር፣ እንደኔው አንድ መኪና ያለው። ክላክሱ ጮኸ። የኔ እጅ መሪዬ ላይ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ተጫንኩት። ረጅም አድርጌ፣ ሜዳው እስኪደነቁር ተጫንኩት፤ ማን ይሰማኛል።

ተመልሼ ሄጄ አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩ። እዚሁ ብሎኩ ላይ ቆሜ ሁላችሁም አላያችሁኝም ወይ፣ ስም የሚጠራ ሰው እንዴት የለም ይባላል፣ ኧረ በሕግ አምላክ አልኩ። ላውሬንሲዩ አልጮኸም። ደብተሩን መጀመሪያው ገጽ ላይ ገልጦ አሳየኝ፤ «ምክንያት አይሰማም» ይላል፣ በትልልቁ። ወደ ትናንሾቹ ዞርኩ። ትላንት ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ናቸው። አርቲዮምን በዓይኔ ለመንኩት። እሱ ግን መሬት መሬቱን እያየ፣

«ጋሽ ጌያፈርንም ጠዋት ሁላችንም አይተነው ነበር፣ ኔኩላይ» አለኝ።

ላውሬንሲዩ እስክሪብቶውን አውጥቶ ስሜ ላይ ቀጭን መስመር አሰመረ። እንደ ሸሚዙ ቀጥ ያለች መስመር።

ለወይዘሮ ፓራስኪቫ ደወልኩ። ከመዋሸት ብዬ እንደሆነው ሁሉ ነገርኳቸው። ሲስቁ ይሰማኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ስንዴው በየትኛው መርከብ ይሄዳል ብለው ጠየቁኝ። የሚቀጥለው ማክሰኞ ነው አልኳቸው።

«እኔ እኮ አልቀየምህም» አሉኝ። «ግን የመኸሩ በቆሎ እስከ ማክሰኞ ቆሞ አይጠብቀኝም። ለሰማያዊዎቹ እደውላለሁ።»

ላውሬንሲዩ ከሩቅ ስልኩን ሲያነሳ አየሁት። ጋቢናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘግቼ መሪውን በቡጢ መታሁት። ክላክሱ ጮኸ። አሁን ደግሞ ማን ጠራሽ አልኳት።

መኪናዬን ወደ ጅራት ወሰድኳት። መቶ አሥራ ዘጠኝ፣ ከጋሽ ጌያፈር ቀጥሎ። ሌላ ቦታ ቢኖር እዚያ እቆም ነበር። እሱ በተሳቢው ጥላ ሥር ተቀምጦ ሚስቱ በፎጣ ጠቅልላ የሰጠችውን ሥጋ ያለበት የተጠበሰ ቂጣ ይበላል። ባዶ እግሬን አየ። ከተቀመጠበት ወንበር ሥር የራሱን ትርፍ ነጠላ ጫማ አውጥቶ ወረወረልኝ፤ ቂጣውንም ቆርሶ ሰጠኝ።

«ጋሼ፣ ጠዋት አይቼህ ነበር» አልኩት። «አጥሩ ጋ ስትደርስ አይቼሃለሁ።»

«አውቃለሁ። እኔም ስታየኝ አይቼሃለሁ።» ጉርሻውን አላምጦ ዋጠ። «ሕግ ሕግ ነው፣ አልተቀየምኩም። ብቻ ኔኩላይ ቀስ ብሎ ያነባል ብዬ ነበር።»

ጫማውን አጠለቅሁና ቂጣውን በላሁ።

የስድስት ሰዓቱ ጥሪ አለፈ። የሰማያዊዎቹ የመጨረሻ መኪና ስትገባ ላውሬንሲዩ ደብተሩን ይዞ እስከ ጅራት ድረስ መጥቶ ለጋሽ ጌያፈር በሁለት እጁ አስረከበው። እኔንም ራሱን ጎንበስ አድርጎ ተሰናበተኝ። ስምንት ሰዓት አለፈ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሲል ጋሽ ጌያፈር ፊቱን አጨማደደ፣ ወደ ማደያው አየ፣ ደብተሩንና ድምፅ ማጉያውን ጭኔ ላይ አስቀመጠ።

«አንተ አንብብ» አለኝና ሄደ።

አልፈልግም ልለው ነበር። ግን ሽንት እንደሆነ አይጠብቅም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ የራሴ መኪና ደረጃ ላይ ወጣሁ። ከኋላ ያለው ካልሰማ ገደል ይግባ፤ ኋላ ያለሁት እኔ ነኝ። ዘጠና አንድ፣ ጮኸ። ዘጠና ሁለት። እየቆየሁ እያነበብኩ መቶ አሥራ ስምንት ደረስኩ።

«መቶ አሥራ ስምንት፣ ጌያፈር።»

ዝም። አጥሩ ጋ የለም። ከመንገዱ ማዶ፣ የማደያው በር ላይ፣ ገና ወጥቶ መኪና እስኪያልፍለት ቆሟል።

ከኋላዬ መቶ ሃያኛው ባካው ከምትባል ከተማ የመጣ አዲስ ሰው ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ጥራው እንጂ አለኝ። እሺ አልኩ። መነጽሬን አወለቅሁ፣ በሸሚዜ ጠረግሁ፣ አቧራ ሲሆንብኝ በሌላኛው ጫፍ ጠረግሁ። መልሼ አደረግሁ። ሁለተኛውን ጠራሁ። ልክ በዚያን ጊዜ ከወደቡ ውስጥ አንድ መርከብ እሪ አለ፤ ረጅም፣ ሆድ የሚያናውጥ ጩኸት። የኛ መርከብ ይሁን አይሁን አላውቅም። ለኔ ግን የኛው ነበር፣ የወይዘሮ ፓራስኪቫን ስንዴ ሳይዝ የሚሄደው።

«ጋሽ ጌያፈር መርከብ ገዛ እንዴ?» አለ አንዱ ከፊት።

ሜዳው ሳቀ። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅሁ። ከባካው የመጣው ሰውዬ ግን አልሳቀም፤ የእጅ ሰዓቱን መታ መታ እያደረገ ሕግ አለ አይደል ወይ፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ አይቻለሁ አለኝ። አለ አልኩት። የጻፈውንም ሰው አውቀዋለሁ፣ አህያ ነው አልኩት። የድምፅ ማጉያውን ባትሪ አውጥቼ አየሁት። ምንም አልሆነም። በልብሴ አሻሽቼ መልሼ ከተትኩት። ውኃ ጠጣሁ። ጋሽ ጌያፈር መንገዱን ተሻግሮ አጥሩ ጋ ደርሷል፣ አይሮጥም፣ ጉልበቱን ይዞ ነው የሚመጣው። እኔም አልቸኮልኩም። ገጹን ወደ ኋላ ገለጥኩ፣ ወደ ፊት ገለጥኩ፣ የት ደርሼ ነበር እያልኩ በጣቴ ፈለግሁ። ዓይኔ ደብተሩ ላይ ነው፣ የማየው ግን እሱን ነው። የመኪናውን እጀታ በሁለት እጁ ጨበጠ፣ አንድ እግሩን ሰቀለ፣ አረፍ አለ፣ ሁለተኛውን ሰቀለ። በሩን እስኪዘጋ ጠበቅሁት።

«መቶ አሥራ ስምንት፣ ለሦስተኛ ጊዜ» አልኩ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ እየጎተትኩ። «ጌ... ያ... ፈር።»

ክላክሱ ጮኸ። ደብተሩ ላይ ምልክት አደረግሁ።

ከዚያ «መቶ አሥራ ዘጠኝ፣ ኔኩላይ» አልኩና እጄን በመስኮት አስገብቼ ተጫንኩ። በቆሎው ግን ሄዷል።